መድኃኒትን በድንገት ስለ መተው

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞቻችን በሚጥል በሽታ ምክንያት ፌኖባርቢታል የሚወስዱ ወገኖች አሉን። ከእነርሱም ጸሎት በተደረገላቸው ማግሥት ክኒኑን በእምነት ስም የሚተዉ አይታጡም። ነገር ግን መድኃኒቱን የለመደ አካል በድንገት ሲያጣው እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሕመሙም ከቀድሞው በርትቶ ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል። ይህ የአካል ጠባይ እንጂ የእምነት ማነስ ወይም የርኩስ መንፈስ ምልክት አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምና መድኃኒት ከእግዚአብሔር የተሰጡን መሆናቸውን ያስተምረናል። ጌታችንም ለምጻሞቹን ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፤ እንዲሁ ተፈወስሁ የሚል ራሱን ለሐኪም ያሳይ፤ መጠኑም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነስ። የጣለው ሰው መንቀጥቀጥ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥነን ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ስንጸልይለትም «ክኒኑን ተው» ከማለት እንቆጠብ፤ መግዣ ያጣውንም እንርዳ። አሜን።