ስለ ዜማ አደራ

ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ሀብት ሁሉ ለመጠበቅ እጅግ የሚያስቸግረው ዜማ ነው። ርስት በድንበሩ ይታወቃል፤ መጽሐፍም በሣጥን ተቆልፎ ይኖራል። ዜማ ግን ካላዜሙት ይሞታል፤ ሲያዜሙት ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጣት ወደ ጣት ባለፈ ጊዜ ጥቂት በጥቂት መለወጡ አይቀርም። እንግዲህ ዜማን የተረከበ ሰው አደራውን የሚጠብቀው እንዴት ነው? ሳይነካ በማስቀመጥ ነውን? ወይስ በራሱ እጅ በመሥራት?

ይህ ጥያቄ በዘመናችን እጅግ የከበደበት ምክንያት አለው። ዛሬ አንድ ሰው በክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ክራሩን ወይም ዋሽንቱን ከድምፅ መቅረጫ ፊት ይጫወታል፤ የቀረጸውንም ሲንተሳይዘር ከሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ድምፅ ጋር አዋሕዶ፣ ማንም ያላዘዘውንና ከዚያ በፊት ያልተሰማውን ዜማ ያወጣል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ «የአባቶችን ዜማ አረከሰ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሥልጣኔ ነው» ብሎ ያመሰግናል። ሁለቱም ግን ነገሩን ሳይመረምሩ ፈርደዋል።

በመጀመሪያ «ኤሌክትሪክ ሕይወት የሌለው ስለ ሆነ ዜማ አይወጣውም» የሚለውን ክርክር እንመልከት። ሲንተሳይዘር የኤሌክትሪክን መርገብገብ በድምፅ ማጉያ በኩል ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሮበርት ሙግ የተባሉት አሜሪካዊ ሠሪ የመጀመሪያውን መሣሪያቸውን ያሳዩት በ1964 ዓ.ም ነበር፤ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ነገር ግን በገናስ ቢሆን ምንድን ነው? እንጨት፣ ቆዳና የበግ አንጀት አይደለምን? እነዚህም በራሳቸው አይጸልዩም። ይልቁንም ልብ እንበል፤ አባቶቻችን በዐሥሩ አውታር ጥሩ ድምፅ ብቻ አልረኩም። እንዝራ የሚባለውን ትንሽ ቆዳ ከአውታሩ ሥር አስገብተው ድምፁ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም አደረጉ። ዛሬ የምንወደው የበገና ግርማ የተገኘው እንዲህ ባለ የሰው ብልሃት ነው። ስለዚህ ድምፅን መለወጥ ራሱ ለዜማችን ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ክርክር ግን ከዚህ ይከብዳል። ሲንተሳይዘር እንደ ፒያኖ አንዱን ስምንተኛ ድምፅ በዐሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች ከፍሎ ያስቀምጣል። የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ግን እንዲህ ያለ አጥር አያውቅም፤ የዘፋኙን ድምፅ እየተከተለ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያርፋል። ክራርም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን ለመጫወት በጆሮ ይቃኛል። ሰነፍ ሰው መሰንቆውን ከመኪናው ጋር ለማስማማት ሲል ያንን ቀጭን ልዩነት ቢያጠፋው፣ ምንም እንኳ መሰንቆው በፊቱ ቢኖር፣ ዜማው ጠፍቷል። ትጉህ ሰው ግን መኪናውን ለመሰንቆው ይቃኘዋል፤ ይህ የሚቻል ነውና። እንግዲህ በደሉ ከመሣሪያው ሳይሆን «ማን ለማን ይታዘዝ» ብሎ ከሚወስነው ሰው ልብ ይወጣል።

ሦስተኛውን ጉዳይ ሐሊም ኤል-ዳብ የተባሉት ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ታሪክ ያሳየናል። እኒህ ሰው በ1944 ዓ.ም በካይሮ ከተማ የዛር ሥነ ሥርዓት በሚደረግበት ስፍራ ተገኝተው የሴቶቹን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀረጹ። ከዚያም የቀረጹትን በገደል ማሚቶና በሌላም ብልሃት ለውጠው አዲስ ሥራ አወጡ። ይህም የሆነው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ተመሳሳይ ሥራቸውን ከመጀመራቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1963 ዓ.ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በየክፍለ ሀገሩ ተለያይተው የኖሩት የዜማ መሣሪያዎቻችን በአንድ መድረክ ጎን ለጎን የተሰሙበት ማኅበር ነበር።

የእኒህን ሰው ብልሃት አደንቃለሁ፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ልቤን ይከብደዋል። ስለ ዛር ያለን አሳብ ምንም ቢሆን፣ ከሕመሙ ለመዳን የሚጮኽ ሰው ድምፁ የሌላ ሰው ጥበብ ጌጥ ይሆን ዘንድ አልጮኸም። በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድርም፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድም እንዲሁ ናቸው። ድምፅ ከጉሮሮ ሲወጣ የወጣበትን ጉዳይ ይዞ ይወጣል። ድምፁን ወስዶ ጉዳዩን መጣል እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ስለዚህ አዲስ ዜማ የሚሠራ ሰው «ይህ ያምራልን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ድምፅ ስለ ምን ተሰማ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የቀረው የብቸኝነት ነገር ነው። «አዝማሪ በሕዝብ ፊት ይጫወታል፤ ሲሳሳትም ሕዝቡ ያርመዋል፤ ብቻውን የሚሠራውን ግን ማን ያርመዋል?» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ባለ በገናም ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ብቸኝነት ሁሉ ትዕቢት አይደለም። አቶ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ዓ.ም ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያ ቀሩ። በ1985 ዓ.ም በዋሽንግተን ከተማ፣ በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር ጋር አስማምተው፣ የቆዩ የሀገር ዜማዎችን ያሉበት አንድ ካሴት ብቻቸውን ሠሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓትም በመኪናቸው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 ዓ.ም እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ። እኒህ ሰው በክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ በዜማው ውስጥ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ያደጉበት አገር በጆሯቸው ተቀምጦ ያርማቸው ነበርና።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ ምንም አላጠፋም፤ የተቀበለውን እንዳለ መለሰ፤ ሆኖም አልተመሰገነም። መክሊት ያልተሰጠው ሰው ደግሞ በምንም አይነግድም። ስለዚህ መሰንቆን ከኤሌክትሪክ ጋር ሊያጋባ የሚወድ ወጣት አስቀድሞ ከመሰንቆው እግር ሥር ይቀመጥ፤ ቅኝቱን ይማር፤ ያስተማረውንም ሰው ስም ይጥራ። ከዚያ በኋላ ቢለውጥ፣ የሚለውጠውን አውቆ ይለውጣል። እኛም ስንሰማው ለመፍረድ አንቸኩል፤ አደራ በሊታውንና አደራ አብዢውን በመጀመሪያው ቀን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራልና።