እርጅና ወይስ ኀፍረት?

«አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን እማራለሁ» የሚል ቃል ትሕትና ይመስላል። የጉልበት መድከም እውነት ነው፤ ነገር ግን አሳቡ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ትዕቢት ይገኝበታል። ሽማግሌው በልጅ ፊት ደቀ መዝሙር ሆኖ መታየትን ይፈራልና።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ተማሪዎች አስተማሪዎች ሆኑ። ትምህርቱ በኦሮምኛም በግእዝ ፊደል ስለ ተሰጠ፥ በነቀምትና በወለጋ አውራጃዎች የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ከልጆቻቸው እኩዮች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቈጠሩ። ዓይናቸው አልታደሰም፤ ኀፍረታቸውን ግን አሸነፉ።

የእስራኤል መምህር ኒቆዲሞስም ስለ ዳግም ልደት በሰማ ጊዜ ሽምግልናን ምክንያት አድርጎ ጠየቀ። በሌሊት የመጣው ይኸው መምህር፥ ጌታችን በተገነዘበት ዕለት መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ በግልጥ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያናችንም የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሑድ በስሙ ጠራች።

እንግዲህ ዳዊት መድገም ያልተማረ አባት፥ ንስሓን ለነገ ያሳደረች እናት ወሰኑን ራሳቸው እንደ ሠሩት ይወቁ። እግዚአብሔር ዕድሜያችንን ወሰነ፤ የመማርን በር ግን አልዘጋም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።