ሰው ስለ ወገኑ ዕዳ ይያዛልን?

ለትምህርት ሲሉ ከትውልድ ቀዬ መውጣት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ እናትና አባቱን ትቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቅኔ ለመማር ከሸዋ ወደ ጎጃም ይሻገር ነበር። ማንም በማያውቀው መንደር ቁራሽ እየለመነ ያድራል፤ ውሻ ቢነክሰው እንኳ ትምህርቱን ትቶ አይመለስም። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቻችን ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። መንገዱ ቢረዝምም ነገሩ አንድ ነው፤ ተማሪ ምንጊዜም የሰው ቤት እንግዳ ነው። ነገር ግን የሚሄድበት ቤት ቀድሞ የበደለን ቤት ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የጎረቤታችን ልጅ በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ሕግ ለመማር ተቀባይነት አገኘና፥ «ጋሼ፥ ወረቀቶቼን ይዩልኝ» ብሎ ወደ ቤታቸው ወሰደን። በዚያም አያቱን ተቀምጠው አገኘናቸው። እኒህ እናት አባታቸውን በዓይናቸው አላዩም፤ ገና በማሕፀን ሳሉ፥ በአገራችን አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው ጭፍጨፋ ፋሺስቶች ገድለውባቸዋልና። «ልጄ፥ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፥ ንገረኝ፤ አባቴን የገደሉት ሰዎች ልጆች የልጄን ልጅ ሊያስተምሩልኝ ነውን?» አሉን። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው ቃል አጣን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ከተማ ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1088 ተመሠረተ የሚባለው የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ ካሉት ሁሉ ቀዳሚ ነው። የሚያስደንቀው ግን ዕድሜው ሳይሆን አመሠራረቱ ነው። ንጉሥ ወይም ጳጳስ ያቆመው አይደለም፤ መምህራን የጥንቱን የሮማ ሕግ እንደሚያስተምሩ ሰምተው ከየአገሩ የመጡ እንግዶች በማኅበር ተባብረው ያጸኑት ነው። ከአልፕስ ተራራ ማዶ የመጡት አንድ ማኅበር፥ ከተራራው ወዲህ ያሉት ሌላ ማኅበር ነበራቸው። የከተማይቱ ተወላጆች ግን የከተማቸው ሕግ ስለሚጠብቃቸው በማኅበሩ አይቈጠሩም ነበር። ተማሪዎቹ መምህራኑን ይቀጥሩ፥ ዘግይቶ የገባውንም መምህር መቀጮ ያስከፍሉ ነበር። በ1496 ሕገ ቤተ ክርስቲያን ለመማር ከፖላንድ የመጣው ኮፐርኒከስ በጀርመኖች ማኅበር ተመዝግቦ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ክፉ ልማድ ነበረ። ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ ዕዳውን ሳይከፍል ቢጠፋ፥ አበዳሪው ከዚያው ከተማ የመጣውን ሌላ ሰው ይዞ ንብረቱን ይወስድ ነበር። ዘመድ የሌለው ተማሪ ለዚህ በደል የተጋለጠ ነበር። ስለዚህ በ1150ዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ሕግ አወጣ። ሕጉም፥ ለትምህርት ሲል ከአገሩ የወጣ ሰው በሰላም ይጓዝ፤ ስለ አገሩ ሰው ዕዳም ማንም እንዳይዘው የሚል ነበር።

እንግዲህ ይህ ሕግ ተማሪውን የሚጠብቅ ከሆነ፥ መምህሩንስ አይጠብቅምን? ዛሬ በቦሎኛ ሕግ የሚያስተምር ሰው በ1937 ገና አልተወለደም። እርሱን ስለ ግራዚያኒ ሥራ ይዞ መጠየቅ፥ ያንኑ የጥንቱን ክፉ ልማድ መመለስ ይሆናል። በደል በደም አይወረስም።

ነገር ግን አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ሕጉ «ተማሪው አይያዝ» አለ እንጂ «ዕዳው ይሰረዝ» አላለም። ዕዳው ባለበት ይኖራል፤ የሚነሣለት ከንጹሑ ሰው ላይ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን እናደባልቃለን። አንዳንዱ ዕዳውን እንዳይረሳ ብሎ ሰውየውን ይጠላል፤ ሌላው ሰውየውን ለመውደድ ብሎ ዕዳውን ይረሳል። ሁለቱም ስተዋል።

ከተማይቱ ራስዋ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በቦሎኛ ውስጥ መንገዶቹ ኢጣልያ በሊቢያ በያዘቻቸው ቦታዎች ስም የተጠሩ አንድ ሰፈር ነበረ። በ1949 የከተማይቱ ምክር ቤት አብዛኛውን ስም ሽሮ፥ ፋሺስቶችን ሲዋጉ በወደቁ አርበኞች ስም ለወጠው። ስም መለወጥ ደም አይመልስም፤ ሆኖም የማንን ሥራ መውረስ እንደሚገባ የልጅ ልጆች መምረጥ እንደሚችሉ ያሳያል።

ስለዚህ ለሚሄደው ወጣት የምንመክረው ይህን ነው። ቋንቋቸውን አጥርተህ ተማር፤ ቤት ማግኘት ያስቸግርሃልና አስቀድመህ ፈልግ፤ ዝናብ ሲዘንብ በየቤቱ ደጅ ከተሠራው ባለ ዐምድ መተላለፊያ ሥር ስትሄድ፥ በ1288 የወጣ ደንብ ባለቤቱ በገዛ መሬቱ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ ጥላ እንዲሠራ ያዘዘ መሆኑን አስብ። ባልንጀሮችህ ስለ አገርህ ሲጠይቁህ፥ የሆነውን ሁሉ ሳትቈጣና ሳታፍር ንገራቸው። ያልሰሙ ብዙዎች ናቸውና፥ እንግዳም ለባለ ቤቱ የሚያስተምረው ትምህርት አለው።

ይህን ሁሉ ለአያቲቱ ብናስረዳቸው በዝምታ አዳመጡን። በመጨረሻም፥ «ሕጉስ መልካም ነው፤ ግን ልጄ፥ ሲያወጡት አበዳሪውን የጠየቀው አለ?» አሉ። ይህንንም ልንመልስ አልቻልንም፤ ይቅር ማለት የተበደለው ፈንታ ነው እንጂ የእኛ የጸሐፊዎች አይደለምና። እርሳቸው ግን በመሄጃው ዋዜማ ገብስ ቈልተው በከረጢት አሰሩለት፤ የአባታቸውንም ስም በወረቀት አስጽፈው ከቆሎው ጋር ጨመሩለት።

ልጁ አሁን በቦሎኛ ይማራል። ስንቁንና ስሙን አንድ ላይ ይዞ እንደ ሄደ፥ ዕውቀቱንና ትዝታውን አንድ ላይ ይዞ እንዲኖር እንመኝለታለን።