ቢሳሳም ልበሰው

ልጄ፣ «ክትባቱ እንደ እኔ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይሠራም አሉ» ብለህ መተውህን ሰማሁ። ያሉህ ሰዎች ግማሹን እውነት ይዘው ግማሹን ጥለውታል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ስለዚህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ብትወጋ ከጤነኛው ያነሰ ነው የምትጠቀመው። ግን ጉንፋኑ ሲይዝህ ወደ ሳንባ ምች የሚያወርድህም ያው ድካም ነው። አሰላ ላይ የጭላሎ ንፋስ ሲወርድ «ጋቢዬ ሳስቷል» ብሎ አውልቆ የሚቀመጥ ሰው አላየሁም። ክትባቱ ጨርሶ ባያስጥልህ እንኳ ሆስፒታል የመተኛት ዕድልህን ይቀንስልሃል።

«ጉንፋን ምን አላት» እንዳትለኝ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህንንማ ለሯጭ አገር ልጅ ማን ያስረዳል! መከላከያው የሚገነባው ከተወጋህ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ ጎረቤት ማሳል ሲጀምር መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ቫይረሱም መልኩን ስለሚለዋውጥ የአምናው ለዘንድሮ አይበቃም። ጤና ጣቢያ ለሕፃናት ከሚሰጡት ውስጥ ስለሌለ የት እንደሚገኝ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ከአሰላ አዲስ አበባ ድረስ 175 ኪሎ ሜትር ከመሄድህ በፊትም መኖሩን በስልክ አረጋግጥ። «መርፌው ራሱ ጉንፋን ያስይዛል» የሚሉህን አትስማ፤ ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል። በመርፌ የሚሰጠው ሕያው ቫይረስ የለውም። በአፍንጫ የሚረጨው ግን ሕያው ስለሆነ ላንተ አይሆንም።

ያንተ መወጋት ብቻም አይበቃም። ባለቤትህና ልጆችህ ይወጉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። የኩላሊት እጥበት ክፍል አራት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተኝታችሁ ስትውሉ አጠገብህ የሚያስል ካለ ማስክህን አድርግ። ጠያቂም እያሳለ መጥቶ ጉንጭህን ልሳም ካለ ከሩቅ ሰላም በለው፤ ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ትኩሳት ከጀመረህ ደግሞ በዕለቱ ለሐኪምህ ንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዳማከሴ እያሸተትክ ሦስት ቀን አትቆይ፤ የኢንፍሉዌንዛው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው። ከፋርማሲ በራስህ ዳይክሎፊናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተህ አትዋጥ፤ የቀረችህን የኩላሊት ጉልበት ይጨርሷታል።

ልትወጋ ስትገባ ለእጥበት ፊስቱላ የተሠራልህን ክንድ አስቀድመህ ለነርሷ አሳያት፤ እጅጌህን በሌላው በኩል ጠቅልል።