ቆላና ንዳድ፦ አብሮ መታየትና መንስኤ

ሁለት ነገሮች ዘወትር አብረው ከታዩ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት ይበቃል? ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን አይበቃም ባይ ነበር፤ ዓይን የሚያየው አንዱ ሌላውን ሲከተል እንጂ ሲያስከትል አይደለም። የኢትዮጵያ ደገኛ ጥያቄውን በኑሮው ያውቀዋል። ቆላ የወረደ ሰው፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ንዳድ (ወባ) እንደሚይዘው አይቷል። ምልከታው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ተሰውሮ ቆየ። አውሮፓም አየሩን ወንጅሎ በሽታውን ማላሪያ፣ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር»፣ ብሎት ነበር። ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ የበሽታውን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

ስታትስቲክስ እንዲህ ያለውን ምልከታ በቁጥር ይመዝናል። ከአዲስ አበባው ለቡ መብራት ኃይል ተነስቶ በጅቡቲው የባቡር መስመር አቅጣጫ ቁልቁል የወረደ ሰው ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማንና መተሐራን በተራ ያገኛል። ለቡ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ በየደረጃው ሙቀቱ ይጨምራል። የካርል ፒርሰን የተዛምዶ መለኪያ ከ−1 እስከ 1 የሚደርስ ሲሆን የሚመዝነው ነጥቦቹ ለቀጥታ መስመር ያላቸውን ቅርበት ነው፤ እንደ መተሐራ ከሌሎቹ ርቆ የወጣ አንድ ነጥብ ብቻውን ሊጎትተው ይችላል። ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያቀረበው መለኪያ ግን የሚጠይቀው ተራን ብቻ ነው። በከፍታ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የወጡት በሙቀት 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይወጣሉ። የተራ ልዩነቶቹ ካሬ ድምር 40 ነው፤ ውጤቱም −1። አምስት ከተሞች በ120 ዓይነት ተራ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ከእነዚህ ፍጹም ተገላቢጦሹ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝምድና ባይኖር ኖሮ ይህ የመገጣጠም ዕድሉ 1/120 ነበር። ስለ ቁጥሮቹ ሥርጭት ምንም ሳይገመት እዚህ ድረስ መድረስ የኖንፓራሜትሪክ ፈተና ትልቁ ጸጋ ነው። ከተሞቹ በዕጣ ሳይሆን በአንድ መንገድ ላይ ስለተመረጡ ግን 1/120ን በልክ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሪግሬሽን «በስንት?» ለሚለው ይመልሳል፤ ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ያው ስሌት ከሙቀት ወደ ከፍታም ተገልብጦ ይሠራል፤ መተሐራን ማቀዝቀዝ ግን መሬቷን ከፍ አያደርጋትም። የመንስኤው አቅጣጫ ከቀመሩ ውስጥ አይገኝም፤ ከውጭ፣ ከአፈጣጠሩ ዕውቀት መምጣት አለበት።

ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ወባ 2,000 ሜትር አልፎ ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ። ከፍታው ራሱ ጠባቂ አልነበረም፤ የቅዝቃዜው ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ የቢሾፍቱ አካባቢን የመረመረ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ሕመሙ ሽቅብ እንደሚወጣ አሳይቷል። ገዳዩ የወባ ተውሳክ፣ ፋልሲፓረም፣ ከ18 ዲግሪ በታች በትንኟ ዕድሜ ውስጥ ማደጉን ለመጨረስ ይቸገራል።