የጋራ መታጠቢያና የወንድም ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከመስጊዳችን በር ሲገቡ በስተጎን ስላለው፣ ብዙም ስለማይነገርለት ቦታ ነው፤ ስለ ውዱእ ማድረጊያው። ነገሩን ግን ከሩቅ አገር ልጀምረው።

ፈረንጆች «ካራቫን» የሚሉት በመኪና የሚጎተት፣ ጎማ ያለው ቤት አላቸው። በዕረፍት ጊዜያቸው እየጎተቱ ወስደው ለዚሁ በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ያቆሙታል። በብዙዎቹ ሜዳዎች መጸዳጃውና የገላ መታጠቢያው የጋራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ-19 ሲመጣ እነዚህ ሜዳዎች ተዘጉ። ከብሪታንያ ክፍሎች አንዷ የሆነችው ዌልስ መልሳ ስትከፍት ሁሉንም በአንድ ቀን አልከፈተችም። የራሱ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው ሰው ከጁላይ 11 ጀምሮ እንዲመጣ ተፈቀደለት። የጋራውን የሚጠቀም ግን እስከ ጁላይ 25 ጠበቀ። ሁለቱን ሰዎች በሁለት ሳምንት የለያቸው ሌላ ምንም ሳይሆን መታጠቢያው ነው።

«ካራቫን» የሚለው ቃል ከፋርስ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የኛ አባቶች ቅፍለት ወይም ሲራራ የሚሉት ነው። እንግሊዞች ወስደው ጎማ ያለው ቤት አደረጉት እንጂ መነሻው ግመልና መንገደኛ፣ የውሃ ጉድጓድም ነው። ዲናችን ስለ ጋራ ውሃ ያስተማረው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሕዝብ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ካሉት ሰው ጋር እንዳያቀላቅላቸው ከልክለዋል፤ ሐዲሡን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። በዐረብኛው የገባው ግሥ ከብትን ወደ ውሃ ማውረድን የሚያመለክት መሆኑን ልብ በሉ። ወረርሽኝ የሚገናኘው ሁሉም በሚገናኝበት ውሃ ላይ መሆኑን የግመል እረኛ ያውቀው ነበር ማለት ነው!

ይህ ብቻ አይደለም። በረጋ ውሃ ውስጥ ሽንት መሽናት ተከልክሏል። ጀናባ ያለበት ሰው በረጋ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳይታጠብም ተከልክሏል። ታዲያ እንዴት ያድርግ ተብለው ሲጠየቁ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ውሃውን እየቀዳ ይታጠብ ብለው መለሱ። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳያስገባ ታዟል። በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን ከሚያስከትሉ ነገሮች ተቆጥሯል። እነዚህን ሐዲሦች አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቷቸው፤ ሁሉም የሚናገሩት ከእኔ በኋላ ስለሚመጣው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በወረርሽኙ ጊዜ አንዳንድ ወንድሞች «ውሃው ጧሂር ነው፣ ውዱእ ራሱ ንጽሕና ነው፣ ምን ያስፈራል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሃው ጧሂር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጠሃራ አንድ ጉዳይ ነው፣ በሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። ጧሂር የሆነ ውሃ ኮሌራ ሊይዝ ይችላል። በአንጻሩ በኮቪድ የታመመ ሙእሚን ነጃሳ አይደለም። አቡ ሁረይራ ጀናባ ሆነው ሳለ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር መቀመጥ አፍረው ዘወር ባሉ ጊዜ፣ ሙእሚን አይነጅስም የሚል መልስ አግኝተዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጋር ከአንድ ዕቃ እየቀዱ ይታጠቡ ነበር። ስለዚህ መጋራት በራሱ ነውር የለበትም። ሰውን «ይሄ ታሞ ነበር፣ ከሱ ጎን ውዱእ አላደርግም» ብሎ ካገገመም በኋላ መሸሽ ከሸሪዓም ከሕክምናም የራቀ ነው። ይህን ያደረጉ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁና አልፌው መሄድ አልፈለግሁም።

ታዲያ የውዱእ ቦታ አደጋው ምን ላይ ነው? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁላችንም ቧንቧውን መንካት ፈራን። ሐኪሞች ቆይተው ያረጋገጡት ግን ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽና በአየር መሆኑን ነው። እንግዲህ የውዱእ ቦታችንን አስቡት። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ ወይም የሌለ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ የሚቀመጥበት ነው። እዚያ ማስክ አውልቀን እንጉመጠመጣለን፣ ውሃ ወደ አፍንጫችን ስበን መልሰን እናስወጣለን። ኢቃማ ሊባል ሲል ደግሞ ሃያ ሰው ባንድ ጊዜ ይገባል። ወደ መስገጃው ስንገባ ግን በየሁለት ሜትሩ ተራርቀን እንቆም ነበር! በሶላት ላይ ያራራቅነውን ሰው በውዱእ ላይ አጣብቀነው ነበር ማለት ነው።

ኮሌራ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ አደጋው አየሩ ላይ ሳይሆን ውሃው፣ እጁና መጸዳጃው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ኮሌራ በሐጅ ላይ ብዙ ሺህ ሑጃጅ ፈጅቶ ከመካ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። በማግሥቱ ዓመት መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ በዚሁ ጉዳይ ተሰበሰቡ፤ ኋላም በ1882 ዑስማኒያዎች በቀይ ባሕር ካማራን ደሴት ላይ የሑጃጅ ማቆያ ከፈቱ። የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እዚሁ አገራችን ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ኮሌራ መነሳቱን ያስታውስ።

ወደ ዌልስ ልመለስ። እዚያ የጋራ መታጠቢያ የሚጠቀም መንገደኛ ያጣው የሁለት ሳምንት ሽርሽር ነው። እኛ ዘንድ ግን የጋራ መታጠቢያ የሚጠቀመው ማን ነው? የ1441 ረመዷንን ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን። መስጊዶች ሲከፈቱ «ውዱእ አድርጋችሁ ኑ» ተባለ። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ሱናም አለው። በቤቱ ተጣጥቦ ወደ መስጊድ የሚራመድ ሰው አንዱ እርምጃው ወንጀል እንደሚያስምርለት፣ ሌላው ደረጃ እንደሚጨምርለት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሯል። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነው። እኔ በምሰግድበት አካባቢ ያለ አንድ መስጊድ ግን (ስሙን አልጠራም) መስገጃውን ከፍቶ የውዱእ ቦታውን በቁልፍ ዘጋ። በር ላይ ቆሞ የነበረ አንድ ተሸካሚ «ውዱእ አድርጋችሁ ኑ ይሉናል፤ እኔ ከየት አድርጌ ልምጣ?» አለ። የመለሰለት አልነበረም።

ሰውየው ሌሊት የሚያድረው በኪራይ አልጋ ላይ ነው፣ ቀን የሚውለው ገበያ ውስጥ ነው። ፊቱን የሚታጠብበት፣ ሽንት የሚሸናበት ቦታ መስጊዱ ብቻ ነው። ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሾፌሩና ረዳቱም እንደዚሁ። ሙስሊም ያልሆነውም ጎረቤት ቢሆን ሲቸግረው እዚያው ይገባል። «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው አዋጅ በየሬዲዮው በሚነገርበት ሰዓት የደሃውን ብቸኛ ቧንቧ መቆለፍ ጉዳትን መከላከል ሳይሆን ጉዳትን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ነው። ዲናችን ደግሞ ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም አንድ ላይ ነው የከለከለው። ተየሙም ያድርግ ያሉም ነበሩ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዑለማዎቻችን ይናገሩበት። ነገር ግን ውሃው ከበሩ ወዲያ እየወረደ፣ ቁልፉ በኮሚቴው ኪስ ውስጥ እያለ «ውሃ አጣሁ» የሚባለው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ያየሁትን ልናገር። አንድ ሌላ መስጊድ ቧንቧውን ከጣሪያ ሥር አውጥቶ ግቢው ውስጥ በአጥሩ ጥግ ዘረጋው። ከአምስቱ መቀመጫ ሁለቱን በገመድ አሰረ። በሩ ላይ በቀዳዳ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አቆመ። ውዱእ የሚጀምረው እጅን በመታጠብ ነውና ሳሙናው እዚያው ላይ ገባ፤ የኮቪድ ቫይረስ ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል፣ ለኮሌራም እጅን በሳሙና መታጠብ ይጠቅማል። የጋራ ፎጣው ተነሳ። ከዙር ዙር የሚተላለፈው ኩስኩስት ቀርቶ ሰው በየራሱ የሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳ መጣ። ውሃ ያንሳል የሚል ስጋት ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሊትር በማይሞላ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። አንድ ጠርሙስ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ሲል በብዙ መስጊዶቻችን ሳሙናውም አብሮ አበቃ። ጀሪካኑ ተነሳ፣ ፎጣው ተመለሰ፣ መስኮቱ እንደ ጥንቱ ተዘጋ። አሁን ለጁምዓ ስሄድ ከአምስቱ ቧንቧ ሦስቱ ይንጠባጠባሉ። የመጸዳጃው ማንቆርቆሪያ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚያልፍ አላህ ይወቅ።

ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሙስሊሞች ነጻ አደረጉት። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ ለሟች እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ጠይቀው ውሃ ነው ተብለው ጉድጓድ አስቆፈሩ። በየመስጊዱ ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ የሚዋጣውን ገንዘብ አልቃወምም። ግን ኮሚቴዎቻችን በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከጁምዓው መዋጮ ላይ ለሳሙና፣ ለቧንቧ ክዳንና ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን መደብ ቢይዙ፣ ለውዱእ ቦታውም ሰፊ መስኮት ቢያስከፍቱ ምን ይከብዳቸዋል? የምትሰግዱበት መስጊድ ኮሚቴ ውስጥ አባት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ይህችን ጋዜጣ ይዛችሁ ጠይቁልኝ።