የጭራቅ መጠን

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» የተሰኘ ድራማ የወጣቶቹን ትምህርት ቤት በሲኦል አፍ ላይ ያቆመዋል። ከእኛ መካከል «የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ወላጅ አይጠፋም። ይሁንና ጭራቁ በምን ፈንታ እንደ ቆመ መጠየቅ ይገባል።

በ1997 በቀረበ አንድ የድራማው ክፍል፣ ማርሲ የተባለች ተማሪ በትምህርት ሰዓት እጇን ታነሣለች፤ የሚጠራት የለም። ቸል መባሏ ሲደጋገም ያነሣችው እጅ ይደበዝዛል፤ በመጨረሻም ፈጽማ ከዓይን ትሰወራለች። ተሰውራም ቸል ያሏትን መጉዳት ትጀምራለች። አዋቂ «ያልፋል» የሚለው ኀዘን በልጅ ልብ ውስጥ ይህን ያህላል። ጭራቁ ኀዘኑን አላጋነነውም፤ በልኩ አሳየው እንጂ።

ደራሲዎቹ የምሳሌያቸውንም ወሰን ያውቃሉ። በ2001 በታየው ክፍል የባፊ እናት በሕመም ስትሞት ሞቷን ያመጣ ጭራቅ የለም፤ የልጅቱ ጉልበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ትዕይንቱም ያለ ማጀቢያ ሙዚቃ ያልፋል።

እንግዲህ ልጃችን ስለ ጭራቅ ሲያወራን፣ ከመገሠጻችን በፊት አጠገቡ ተቀምጠን ብንሰማው ምን እናጣለን? እጁን እያነሣ ይሆናልና።